በሜሪላንድ ስቴት ፓርኮች ተፈጥሮንና ታሪክን አያይዞ መጎብኘት፦ የአሠራር መመሪያ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን የሜሪላንድን ስቴት ፓርኮች የምናውቃቸው በሥጋ ጥብስ፣ በልጅ ልደትና በማኅበር መሰባሰቢያነት ነው። በዚህ ምንም ክፋት የለበትም። ይሁን እንጂ በዚያው ፓርክ ውስጥ ከ10 ሚሊዮን ዓመታት በላይ የቆየ የሻርክ ጥርስ፣ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን የደከሙበት የብረት ማቅለጫ ወይም የአሜሪካ አብዮት ዘመን ሳይመጣ የተገነባ ምሽግ እያለ ሳናየው እንመለሳለን። ይህ መመሪያ አንድ ቀን ለይቶ፣ አንድ ፓርክ መርጦ፣ የቦታውን መሬትና ታሪክ አያይዞ ለማየት ለሚፈልግ ቤተሰብ ወይም የጓደኞች ቡድን የተዘጋጀ ነው።

አያይዞ መባሉ በምክንያት ነው። ማቅለጫው፣ ምሽጉም ሆነ የጦር እስረኞች ሰፈር በዚያ ቦታ የተሠራው ማዕድኑ፣ ደኑ፣ ውኃው ወይም የምድሩ አቀማመጥ ስለጋበዘ ነው፤ መሬቱን ልብ ብሎ ያላየ ጎብኚ ከታሪኩ የሚተርፈው ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ዓመት ብቻ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

1. ፓርኩ የማን እንደሆነ አስቀድሞ መለየት

ስቴት ፓርክ የሚተዳደረው በግዛቲቱ ነው፤ በሜሪላንድ ኃላፊነቱ የተፈጥሮ ሀብት መምሪያው ነው። ናሽናል ፓርክ ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ነው። ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም፤ ለፌዴራል ፓርኮች የተገዛው ዓመታዊ የመግቢያ ካርድ በስቴት ፓርክ በር ላይ አይሠራም። በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው መደናገር ጎልቶ የሚታየው በተርሞንት ከተማ አጠገብ በካቶክቲን ተራራ ላይ ነው። ተራራው በ1930ዎቹ አጋማሽ በፌዴራል መንግሥት አንድ ላይ ተይዞ ነበር፤ በ1954 ግን ለሁለት ተከፍሎ ከመንገድ ቁጥር 77 በስተ ደቡብ ያለው ለሜሪላንድ ተሰጠና ከኒንግሃም ፎልስ ስቴት ፓርክ ሆነ፣ በስተ ሰሜን ያለው ደግሞ የፕሬዚዳንቶቹን ካምፕ ዴቪድ እንደያዘ በፌዴራል እጅ ቀረ። ስለዚህ መንገዱን በመሻገር ብቻ ሕጉም፣ ክፍያውም፣ ስልክ የሚደወልለት ቢሮም ይለወጣል።

የስቴት ፓርኮች የመግቢያ ክፍያ እንደየፓርኩና እንደየወቅቱ ይለያያል። አንዳንዱ በመኪና፣ አንዳንዱ በሰው ቁጥር ያስከፍላል፤ ከሌላ ግዛት በሚመጣ ሰው ላይም ጥቂት ይጨምራል። በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ለሚሄድ ቤተሰብ የግዛቲቱ ዓመታዊ ካርድ ያዋጣል፤ በዕድሜ ለገፉና የአካል ጉዳት ላለባቸውም የተለየ ካርድ ስላለ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

2. ፓርክ ከመምረጥ በፊት የሚታየውን ነገር መምረጥ

«የት እንሂድ» ከማለት ይልቅ «ምን እንይ» ብሎ መጀመር ይሻላል። ቅሪተ አካል ለመልቀም ያሰበ ሰው በሉዝቢ ወዳለው ካልቨርት ክሊፍስ፣ ፏፏቴንና የብረት ኢንዱስትሪን ታሪክ በአንድ ቀን ለማጣመር የፈለገ ወደ ከኒንግሃም ፎልስ፣ ከባርነት የማምለጥን ታሪክ በተፈጸመበት መልክዓ ምድር ለማየት የፈለገ በዶርቼስተር ካውንቲ ወዳለው የሃሪየት ተብማን ፓርክ ይሂድ። እነዚህን ሦስቱን ከዚህ በታች በዝርዝር እንመለስባቸዋለን።

ሁለት ሌሎችንም በአጭሩ መጥቀስ ይገባል። በግዛቲቱ ምዕራባዊ ክፍል ያለው ፎርት ፍሬድሪክ በ1756 በፈረንሳይና በሕንዶች ጦርነት ዘመን፣ ማለትም እንግሊዞች ከፈረንሳዮችና ከአጋሮቻቸው ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጋር በተዋጉበት ጊዜ የተሠራ የድንጋይ ምሽግ ነው። ምሽጉን በ1860 ገደማ የገዛው ናታን ዊሊያምስ የተባለ ነጻ ጥቁር ገበሬ ነበር፤ ቤተሰቡ እስከ 1911 ድረስ በግንቡ ውስጥና ዙሪያ አርሷል። ባርነት ገና ሕጋዊ በነበረበት ግዛት ውስጥ አንድ ጥቁር ሰው የንጉሥ ዘመን ምሽግ ባለቤት መሆኑን ከጉዟቸው በፊት የሚያውቁ ጎብኚዎች ብዙ አይመስሉኝም። ፖይንት ሉክአውት ደግሞ የፖቶማክ ወንዝ ከቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ጋር በሚገናኝበት ሹል ምድር ላይ ነው። ሦስት ጎኑ ውኃ ስለሆነ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከ1863 እስከ 1865 ድረስ ወደ 52,000 የሚጠጉ የደቡብ ወታደሮች የታሰሩበት ሰፈር ሆነ፤ 4,000 የሚጠጉት እዚያው ሞተዋል፤ ከጠባቂዎቹም መካከል የጥቁር ወታደሮች ክፍለ ጦሮች ነበሩበት።

3. ወቅቱንና ሰዓቱን መወሰን

በእኛ ዘንድ የተለመደው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰባስቦ እኩለ ቀን ላይ መነሣት ነው። በበጋ ወራት ግን ይህ አይሠራም። ሐይቅ ወይም የባሕር ዳርቻ ያላቸው ፓርኮች፣ በተለይም ከኒንግሃም ፎልስ፣ ግሪንብራየርና ሳንዲ ፖይንት፣ በበዓላትና በሰንበት ቀናት ገና ከጧቱ ሞልተው በሩ ይዘጋል። አንዳንዶቹ በበጋ ቀድሞ ቦታ ማስያዝ ግዴታ ያደረጉባቸው ቀናት ስላሉ፣ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የመምሪያውን ድረ ገጽ ተመልክታችሁ የዕለቱን ማስታወቂያ አረጋግጡ። በሩ ተዘግቶ መኪናን ጥግ ላይ አቁሞ በእግር መግባት የሚሞክር ሰው ቅጣት ይጠብቀዋል፤ መኪናውም ተጎትቶ ሊወሰድ ይችላል። ቅዳሜን ከመምረጥ ወይም ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ የሚለቀቅ ቦታን ተስፋ አድርጎ ከመሄድ ይልቅ የሥራ ቀን ፈቃድ መውሰድ የተሻለ ነው።

ለታሪክ ጉብኝት የምመርጠው ግን ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለውን ጊዜ ነው። ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ የምድሩ ቅርጽ፣ የፈረሰ ግንብና የድሮ የጋሪ መንገድ ሁሉ ግልጥ ብሎ ይታያል፤ መዥገርና ትንኝም ይቀንሳሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ አጋዘን የሚታደንበት ጊዜ ስለሆነ፣ አደን በሚፈቀድባቸው ፓርኮች ደማቅ ብርቱካናማ ሰደሪያ ወይም ኮፍያ ማድረግ ይመከራል። በመስከረም የሚሄድ ሰውም የሚያተርፈው ነገር አለ፤ በሜሪላንድ ረግረግ ዳር በዚያ ወር የሚፈካው ቢጫ አበባ ቢደንስ ከሚባለው ወገን ሲሆን፣ የእኛ አደይ አበባም የዚያው ወገን ነው። እንቁጣጣሽ ብሎ ግን አይቀጠፍም፤ በስቴት ፓርክ ውስጥ ተክል መቁረጥ ክልክል ነው።

4. የሚያዘውን ማሰናዳት

የሜሪላንድ ስቴት ፓርኮች የቆሻሻ ማጠራቀሚያ አያስቀምጡም፤ ያመጣኸውን ይዘህ ተመለስ ነው ሕጉ። ስለዚህ ጠንካራ የቆሻሻ ከረጢቶች ይዛችሁ ሂዱ፤ በተለይ ወጥና እንጀራ የነካው የፎይል ትሪ ባለ ሁለት ከረጢት ካልሆነ የመኪናውን ምንጣፍ ያበላሻል። ከሰል የሚነድደው ለዚሁ በተዘጋጀው የብረት መጥበሻ ላይ ነው፤ ቡና የምታፈሉ ከሆነ ትንሽ የጋዝ ምድጃ መያዙ ይቀላል፤ ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነም ፍሙን ሣር ላይ መድፋት እሳት ያስነሣል። የማገዶ እንጨት ከቤት ይዞ መሄድ ዛፍ አጥፊ ተባዮችን ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚያዛምት እዚያው አካባቢ መግዛት ይገባል። በቀን መዝናኛ ቦታዎች ያለ ፈቃድ የአልኮል መጠጥ አይፈቀድም፤ ጠላና ጠጅም ከዚሁ ይቆጠራሉ።

ለእያንዳንዱ ሰው በቂ ውኃ፣ የተሸፈነ ጫማ፣ ረጅም ሱሪና ካልሲ ያስፈልጋል። በስልክ ብቻ አትመኩ፤ በተራራውም ሆነ በረግረጉ አካባቢ የኔትወርክ መቆራረጥ ስለሚያጋጥም የፓርኩን ካርታ ቀድማችሁ አውርዱ ወይም አትሙ።

5. በካልቨርት ክሊፍስ፦ ገደሉን ማንበብና ጥርስ መልቀም

ይህ ፓርክ ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስነዳል። መኪና ከምታቆሙበት እስከ ባሕሩ ዳር በቀይ ምልክት የተለየው መንገድ በአንድ ጉዞ 1.8 ማይል፣ ማለትም ወደ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በደን ውስጥ ጀምሮ ቢቨር የተባለው እንስሳ ግድብ የሠራባቸውን ኩሬዎችና ረግረግ ተከትሎ ይወርዳል። የሕፃን ጋሪ የሚገፋ ሰው ሥር በበዛበት ቦታ ይቸገራል፤ በእግር የደከመ ሽማግሌም መመለሻውን አስቦ ይነሣ።

ዳርቻው ላይ እንደደረሳችሁ ከመልቀማችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ገደሉን ተመልከቱ። ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ደቡብ ሜሪላንድ ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር፤ ገደሉ ላይ የምታዩት አንዱ ከአንዱ በቀለም የሚለይ ንብርብር ያ ባሕር ያስቀመጠው ጭቃና አሸዋ ነው። ከዚህ ንብርብር ከ600 በላይ የእንስሳት ዝርያዎች ቅሪት ተለይቷል፤ ዓሣ ነባሪዎች፣ ቀንድ አውጣዎችና ሻርኮች ይገኙበታል። እንግሊዛዊው ካፒቴን ጆን ስሚዝ በ1608 በጀልባ ሲያልፍ ገደሉን አይቶ በእናቱ ቤተሰብ ስም ሪካርድስ ክሊፍስ ብሎት ነበር፤ ስሙ አልጸናም።

ከገደሉ ሥር መሄድ፣ ገደሉን መውጣትና መቆፈር የተከለከለ ነው። ክልከላው ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ማዕበሉ ሥሩን እየበላው ትልልቅ የአፈር ክምር ያለ ማስጠንቀቂያ ይናዳል፤ በሌላው የካልቨርት ዳርቻ ሰው የሞተበት ጊዜም አለ። መልቀም የሚፈቀደው በክፍቱ ዳርቻ ላይ ውኃው ያጠበውን ብቻ ሲሆን፣ ያገኛችሁትን ወደ ቤት መውሰድ ትችላላችሁ።

አለቃቀሙ እንዲህ ነው። ማዕበል ካለፈ በኋላ ባለው ጧት፣ ውኃው ወደ ኋላ በሚሸሽበት ሰዓት ይድረሱ። ሞገዱ መጥቶ የሚመለስበትን መስመር ተከትላችሁ ጠጠር የተከማቸበትን ቦታ ፈልጉ፤ ጥርስ ከአሸዋ ይከብዳልና ከጠጠሩ ጋር ይቀመጣል። ደቃቅ ወንፊት ወይም የወጥ ቤት ማጥለያ ውሰዱ፤ አንድ ጭብጥ ጠጠር አድርጋችሁ ውኃ ውስጥ ወዝውዙና ዘርግታችሁ እዩ። ዐይናችሁ መፈለግ ያለበት ጥቁር ወይም ግራጫ፣ ሹል፣ በዝናብ የታጠበ ያህል የሚያብለጨልጭ ነገርን ነው። ድንጋይና የተሰበረ ቀንድ አውጣ ደብዛዛ ናቸው፤ የጥርሱ ክፍል ግን ያብረቀርቃል፣ ወደ ሥሩ ሲቃረብ ብርሃኑ ጠፍቶ ሸካራ ይሆናል። ይህን የሁለት መልክ ልዩነት በጣታችሁ ከለመዳችሁ በኋላ ለቀማው ይፈጥናል። ጥርሱ የጠቆረው በሺህ ሺህ ዓመታት ውስጥ ከባሕሩ ወለል የተገኘ ማዕድን ስለገባበት ነው። ሻርክ አጥንት ሳይሆን ልም አጥንት ስላለው አካሉ ቶሎ ይበሰብሳል፤ በሕይወቱ ግን በሺዎች የሚቆጠር ጥርስ ይጥላል። ስለዚህ ከሻርኩ ይልቅ ጥርሱ በዛ።

አብዛኛው የሚገኘው ከጥፍር የማይበልጥ ነው። የመዳፍ ያህል የሆነውን የሜጋሎዶን (ከምድር የጠፋ ግዙፍ ሻርክ) ጥርስ ለማግኘት ዕድል ያስፈልጋል፤ ልጆች ይህን አስቀድመው ካወቁ ትንሹን ሲያገኙ አይከፉም። እያንዳንዱን በትንሽ ከረጢት አድርጋችሁ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት። ለመለየት ከፈለጋችሁ በአቅራቢያው በሰሎሞንስ ከተማ የሚገኘው የካልቨርት የባሕር ሙዚየም ከዚሁ ገደል የወጡትን ስለሚያሳይ ማነጻጸር ይቻላል።

6. በከኒንግሃም ፎልስ፦ ከፏፏቴው ወደ ማቅለጫው

ፓርኩ ሁለት ክፍል አለው። ሐይቁና 78 ጫማ ያህል በደረጃ የሚወርደው ፏፏቴ ያሉት በዊሊያም ሁክ ክፍል ነው፤ ታችኛው መንገድ ግማሽ ማይል ያህል የሚሆን ቀላል ጉዞ ሲሆን፣ የክሊፍ መንገድ የተባለው ደግሞ ድንጋያማና አድካሚ ነው። የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ከመንገድ ቁጥር 77 ዳር በእንጨት መተላለፊያ ፏፏቴውን ሊያዩ ይችላሉ። ብዙ ጎብኚ እዚህ ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። ጉዳዩ ግን በማነር ክፍል በኩል ባለው በካቶክቲን ማቅለጫ ላይ ነው።

ማቅለጫው በ1776 ሥራ ጀመረ፤ መሥራቾቹ ቶማስ ጆንሰንና ወንድሞቹ ሲሆኑ ቶማስ በኋላ የሜሪላንድ የመጀመሪያው ገዥ ሆነ። ለምን እዚህ ተሠራ የሚለውን ለመመለስ ቆማችሁ ዙሪያውን እዩ። የብረት ማዕድኑ በተራራው ግርጌ ይወጣል፤ ቆሻሻውን ከብረቱ የሚለየው የኖራ ድንጋይ በሸለቆው አለ፤ ከጅረቱ የሚመጣው ውኃ መንኰራኵር ያዞራል፤ መንኰራኵሩም እንደ አንጥረኛ ወናፍ በእሳቱ ላይ አየር ይነፋል፤ ተራራውን የሸፈነው ደን ደግሞ ከሰል ይሆናል። አራቱ በአንድ ቦታ ባይገናኙ ኖሮ ማቅለጫውም አይኖርም ነበር። ዛሬ ቆሞ የሚታየው የድንጋይ ምድጃ ኢዛቤላ የሚባለውና በ1850ዎቹ የተሠራው ሲሆን፣ የማቅለጫው ሥራ በጠቅላላው በ1903 ቆሟል። ከሥሩ ያለውን ቅስት ተመልከቱ፤ የቀለጠው ብረት የሚወጣው በዚያ በኩል ነበር። ማዕድኑና ከሰሉ ደግሞ ከላይ ነው የሚገባው፤ ምድጃው ተረተር ተጠግቶ የተሠራው ለዚህ ነው። በአካባቢው መሬት ላይ ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም ያለው ብርጭቆ መሰል ስባሪ ካያችሁ የማቅለጫው ዝቃጭ ነው፤ አይታችሁ ባለበት ተዉት።

ከዚያ ወደ ተራራው ስትወጡ በተዳፋቱ ላይ ያለ ምክንያት ደልደል ያለ ክብ ቦታ ብታገኙ፣ ከሰል ይከሰልበት የነበረ መደብ ሊሆን ይችላል፤ ውኃ ወይም እግር የላይኛውን ቅጠል ባነሣበት ስፍራ አፈሩ ጥቁር ነው። ዛሬ የምትሄዱበት ጥላ ከማቅለጫው በኋላ ዳግም የበቀለ ደን መሆኑን የምታውቁት በዚህ ነው።

በማቅለጫው ከሠሩት ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ናቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻ መንገድ ሲሰፋ መቃብራቸው ተገኘ። ከ1774 እስከ 1850 ባለው ጊዜ ከተቀበሩት 27 ሰዎች የተወሰደ የዘር ምርመራ በ2023 ይፋ ሲሆን፣ ከሴኔጋምቢያ ወሎፎችና ከኮንጎ ሕዝብ ጋር ዝምድና ተገኘባቸው፤ በአንድ የዘር መመርመሪያ ድርጅት መዝገብ ውስጥም 41,799 ዛሬ ያሉ ዘመዶች ተለይተዋል። በመንደሩ ያለው አነስተኛ የብረት ሠራተኞች ሙዚየም ከአጽሙ ተነሥቶ የአንዲት ሴትንና የአንድ ወጣት ልጅን ፊት ቀርጾ ያሳያል። ምድጃውን ካዩ በኋላ መሄድ ይሻላል፤ ፊቱን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ድንጋዩን የሚያየው በሌላ ዐይን ነው። መቃብሩን የሚያስታውስ የማብራሪያ ሰሌዳዎች ያሉት መንገድም አለ፤ እዚያ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ለእኛ የሚነገር ነገር አይደለም።

7. በሃሪየት ተብማን ፓርክ፦ ረግረጉን እንደ መንገድ ማየት

ይህ ፓርክ በ2017 የተከፈተ ሲሆን 17 ኤከር ብቻ ነው፤ ግዛቲቱና የፌዴራሉ የፓርኮች አገልግሎት በጋራ ያስተዳድሩታል። ስፋቱን የሚያገኘው ከአጠገቡ ካለው ከብላክዋተር የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። ከዋሽንግተን የባሕር ወሽመጡን ድልድይ ተሻግሮ ሁለት ሰዓት ያህል ያስነዳል። ጎብኚ ማዕከሉ ክፍያ የለውም፤ የሚከፈትባቸው ቀናት ስለሚለዋወጡ ግን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሃሪየት ተብማን በ1822 በዚህ ካውንቲ በባርነት ተወለደች። በልጅነቷ መስክራት የተባለውን የውኃ እንስሳ ለመያዝ የተጠመደ ወጥመድ እንድታይ እየተላከች በቀዝቃዛ ረግረግ ውስጥ ትሄድ ነበር፤ ካደገችም በኋላ ግንድ ቆራጭ ከነበረው ከአባቷ ከቤን ሮስ ጋር በደን ሠርታለች። በ1849 ካመለጠች በኋላ ወደ 13 ጊዜ ያህል ተመልሳ ወደ 70 የሚሆኑ ሰዎችን ከባርነት ያወጣችው ይህን ምድር በእግሯ ስለምታውቀው ነው። ስለዚህ ማዕከሉን ቀድማችሁ አይታችሁ፣ ቀጥላችሁ በመጠለያው መንገድ በመኪና ዝግ ብላችሁ ሂዱና አንድ ቦታ ላይ ሞተሩን አጥፉ። ሸምበቆው የት ላይ እንደሚያልቅና ጠንካራው መሬት የት እንደሚጀምር ለመለየት ሞክሩ፤ ቀን በብርሃን ይህን ያህል ካስቸገረ፣ በክረምት ሌሊት ልጅ ታቅፎ መሻገር ምን እንደሚመስል ለልጆቻችሁ ብዙ ማብራራት አይጠበቅባችሁም። የአባቷ ጎጆ የነበረበት ቦታ በመጠለያው ውስጥ መገኘቱ በ2021 ተነግሯል። በክረምት በረዶ የመሰሉ ዝይዎች በሺዎች ይሰፍሩበታል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ትንኙና ተናካሽ ዝንቡ መኪና አያስወርድም።

8. ከጉብኝቱ ሲመለሱ

በጉዞው መካከል ከሰሌዳ ላይ ከመገልበጥ ይልቅ የፓርኩን ጠባቂ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይህ ነገር ለምን እዚህ ሆነ?» ሬንጀሮቹ ይህን ሲጠየቁ ደስ ብሏቸው ያስረዳሉ፤ መልሱንም ልጆቹ በራሳቸው ቋንቋ ይጻፉት።

ማታ ሰውነትን መፈተሽ አይዘለል። በሜሪላንድ ያለችው የአጋዘን መዥገር የላይም በሽታን ታስተላልፋለች፤ ብብት፣ ከጆሮ ጀርባ፣ የጉልበት መታጠፊያና የልጆች ፀጉር ሥር በብርሃን ይታይ። የለበሱትን ልብስ በሙቅ ማድረቂያ ለ10 ደቂቃ ማዞር መዥገሯን ይገድላታል። ተጣብቃ ከተገኘች በቀጭን መቆንጠጫ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ ቅቤ መቀባትም ሆነ በእሳት ማቃጠል አይጠቅምም። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚተላለፈው ከ24 ሰዓት በላይ ስትቆይ ስለሆነ በዕለቱ ማውጣት ዋጋ አለው። በቀጣዮቹ 30 ቀናት ውስጥ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ምልክት፣ ትኩሳት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ከታየ ወደ ሐኪም ሄዳችሁ የትኛው ፓርክ፣ በምን ቀን እንደነበራችሁ ንገሩ።